የማይታዩ ነፍሳትና የ100 ሺህ ዓመት ጉድጓድ

እህል በጉድጓድ የሚያስቀምጡ ገበሬዎች አንድ የታወቀ ጥንቃቄ አላቸው። ጉድጓዱ እንደ ተከፈተ ወዲያው ዘለው አይገቡበትም። አፉን ከፍተው ይተዉታል፤ እስኪናፈስም ይጠብቃሉ። ችኩል ሰው ገብቶ፣ ራሱን ስቶ እዚያው የቀረበት ጊዜ አለና ነው።

ለመሆኑ ያን ሰው ምን ገደለው? ብዙ ጊዜ ሰይጣን ነው ይባላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እህሉ ራሱ ይተነፍሳል። እህሉ ላይ ያሉት ሻጋታና በዓይን የማይታዩ ሌሎች ነፍሳትም ይተነፍሳሉ። ጉድጓዱ ተመርጎ ስለ ተዘጋ ንጹሑን አየር ሁሉም ተሻምተው ይጨርሱታል። በምትኩ የተቃጠለ አየር ይሞላል። እንግዲህ የተዘጋ ጉድጓድ ከላይ ሲያዩት ጭር ያለ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጭር ያለ አይደለም።

እነዚህን የማይታዩ ነፍሳት ሊቃውንት ረቂቅ ተሕዋስያን ይሏቸዋል። እናንተም በሥራቸው ታውቋቸዋላችሁ። ሊጡን የሚያቦካው፣ ጠላውን የሚያፈላው፣ ወተቱን የሚያረጋው፣ ቁስሉን የሚያመረቅዘው የእነሱ ወገን ነው። ከመካከላቸው ባክቴሪያ የሚባሉት እጅግ ደቃቆች ናቸው። አንድ ሺህ ያህሉ አንዱ ከሌላው ኋላ ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከአንዲት ጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ እህል ጉድጓድ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ፊንላንድ በምትባል አገር ስለ ተቆፈረ ሌላ ጉድጓድ ነው። ስሙ ኦንካሎ ይባላል። የሚገኘው ኦልኪሉኦቶ በምትባል የባሕር ዳር ደሴት ላይ ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በ2004 ነው። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥልቀቱ ከ400 ሜትር ይበልጣል። ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየቆመ ቢደራረብ፣ ከታች እስከ ላይ ለመድረስ ወደ 300 ሰው ይፈልጋል። ጉድጓዱ የተቆፈረው ውሃ ለማውጣት ወይም ወርቅ ለመፈለግ አይደለም። አንድ አደገኛ ነገር ለመቅበር ነው። የሚቀበረውም ለ100 ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ እንዳይወጣ ታስቦ ነው።

የሚቀበረው ምንድን ነው?

ዩራኒየም የሚባል ከድንጋይ የሚወጣ ከባድ ማዕድን አለ። ዩራኒየም የተሠራባቸው ረቂቅ ቅንጣቶች ሲሰነጠቁ ብርቱ ሙቀት ይሰጣሉ። በዚህ ሙቀት ውሃ ይፈላል። እንፋሎቱ መኪና ያሽከረክራል፤ መኪናው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። እንዲህ የሚሠራው ፋብሪካ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይባላል። ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች አላቸው።

ነዳጁ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ይወጣል። እንደ ምድጃ አመድ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ አመድ ሲበርድ ጓሮ ይደፋል። የዩራኒየም ትራፊ ግን ጨረር ይረጫል። ጨረር አይታይም፤ አይሸትም፤ ሲነካም አይታወቅም። ሲበዛ ግን አካልን ከውስጥ ይጎዳል፤ ነቀርሳ ያመጣል፤ ይገድላልም። ይህን ትራፊ የኑክሌር ዝቃጭ ይሉታል። እንደ ወጣ በጥልቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ለብዙ አሥር ዓመታት እንዲበርድ ይደረጋል።

ሙቀቱ ይበርዳል። ጨረሩ ግን ቶሎ አይጠፋም። በዝቃጩ ውስጥ ፕሉቶኒየም የሚባል ነገር አለ። ዛሬ አንድ ኪሎ ቢኖር ግማሽ ኪሎ ለመሆን 24 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። ከሌላ 24 ሺህ ዓመት በኋላ ሩብ ኪሎ ይቀራል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ ገና 2 ሺህ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት መንግሥት ወጣ፣ ስንት ወረደ! ለ100 ሺህ ዓመት ዘብ የሚቆም ማን ነው? ፊንላንዶች ዘብ ከማቆም ዓለት ይሻላል ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። የኦልኪሉኦቶ ዓለት ዕድሜው 1 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ይህን ያህል የቆየ ዓለት ሌላ 100 ሺህ ዓመት ይቆማል ብለው ያምናሉ።

አቀባበሩ እንዲህ ነው። ዝቃጩ በወፍራም የብረት ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። ብረቱ ደግሞ በመዳብ በርሜል ውስጥ ይገባል። የበርሜሉ ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ክዳኑ ይበየዳል። አንዱ በርሜል ሲሞላ ክብደቱ ወደ 25 ቶን ይሆናል። ከዚያ በዓለቱ ወለል ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይቆማል። በርሜሉ ዓለቱን አይነካም። በመካከላቸው ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይሞላል።

ይህን አፈር ባታዩትም ዘመዱን ታውቁታላችሁ። የዋልካ ዘመድ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ እግር ይዞ አልለቅም ይላል። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቤንቶናይት በእብጠቱ ከዋልካ ይብሳል። በጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ደረቅና የተጨመቀ ነው። ከዓለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ የሚገባውን ውሃ ይጠጣል፤ ማበጥም ይፈልጋል። ነገር ግን በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላ በኩል በርሜል ስለ ያዘው መሄጃ የለውም። ስለዚህ ራሱን በራሱ ያጨናንቃል። ውሃ እንደ ልቡ አይፈስበትም።

መዳቡ፣ ሸክላው፣ ዓለቱ። ሦስት አጥር መሆናቸው ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው የመሐንዲሶች ሥራ ነው። ነገሩን ያወሳሰቡት ከዓለቱ ውስጥ የተገኙት ነዋሪዎች ናቸው።

ዓለት ውስጥ ሕይወት አለ

በፊት ጊዜ ሊቃውንት ከመሬት በታች ጥቂት ሜትር ከተወረደ በኋላ ሕይወት ያከትማል ይሉ ነበር። ፀሐይ የለም፤ ተክል የለም፤ አየር የለም። ምን ተበልቶ ይኖራል? ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ስዊድኖች ዝቃጭ የሚቀብሩበትን ቦታ ለመምረጥ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲቆፍሩ፣ ካርስተን ፔደርሰን የሚባል የስዊድን የሥነ ሕይወት ሊቅ ከዓለቱ ስንጥቅ የወጣውን ውሃ መረመረ። በውሃው ውስጥ ሕያዋን ባክቴሪያዎች አገኘ። በኋላም ስዊድኖች ኤስፖ በምትባል ደሴት ሥር፣ 460 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የምርመራ ዋሻ ሠሩ። እዚያም ነዋሪዎቹ አልጠፉም። በፊንላንድ በኦልኪሉኦቶም እንዲሁ ተገኙ። ከዓለቱ በተቀዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ውስጥ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

በአህጉራችን በአፍሪካ የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በደቡብ አፍሪካ ምፖኔንግ የሚባል የወርቅ ማውጫ አለ። እዚያ 2 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር ያህል ወርደው ውሃ ቀዱ። በውሃው ውስጥ ከሌላ ወገን ሳይቀላቀል ብቻውን ለመኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ተገኘ። በ2008 ስለዚህ ዘር ሰፊ ጥናት ታተመ። በዓለቱ ውስጥ የተበተነው ዩራኒየም በጨረሩ ውሃውን ይሰነጥቀዋል። ከዚህ ሃይድሮጂን የሚባል አየር ይወጣል። ባክቴሪያው የሚኖረው በዚህ ነው። እኛን የሚገድለው ጨረር ለእሱ በሩቁ ምግብ አብሳይ ሆኖለታል ማለት ነው። ሊቃውንቱም ስሙን ደፋር ተጓዥ ብለው አወጡለት።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። እኛ ለ100 ሺህ ዓመት ይቀመጥ ብለን የምንቀብረውን ነገር፣ ከእኛ በፊት እዚያ የነበሩት ነዋሪዎች ምን ያደርጉታል?

መዳቡን የሚያጠቁረው

ማረሻ ዝናብ ላይ ሲያድር ይዝጋል። የዝገቱ ምክንያት ውሃና አየር ተባብረው ነው። ከ400 ሜትር በታች ግን አየር የለም። በርሜሉን በመዳብ የሠሩት ለዚህ ነው። አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ መዳብ እጅግ ታጋሽ ነው። ነገር ግን መዳብ አንድ ደመኛ አለው። እሱም ድኝ ነው።

ከጥልቁ ባክቴሪያዎች መካከል አንዱ ወገን የሚኖረው በድኝ ነው። እኛ ንጹሕ አየር እንደምንስብ፣ እነሱ ድኝ ያለበትን ሰልፌት የሚባል ጨው ከውሃው ይስባሉ። ምግባቸው ደግሞ ሃይድሮጂን፣ ሚቴን የሚባለው አየርና የበሰበሰ ነገር ትራፊ ነው። ሚቴን ማለት ከእበት ጉድጓድ ተጠምቆ ምድጃ የሚነድበት አየር ነው። እኛ ስንተነፍስ የተቃጠለ አየር እንደምናወጣ እነሱ ሰልፋይድ ያወጣሉ። ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። በአንዳንድ ፍል ውሃ አጠገብም ይሸታል። ሰልፋይድ መዳብ ላይ ሲደርስ መዳቡን ያጠቁረዋል፤ ጥቁሩም እየተላጠ መዳቡን ያሳሳዋል።

ስለዚህ ባክቴሪያው መዳቡን በጥርሱ አይበላም። በሜዳ ላይ የዋለ ከብት እበቱን እንደሚጥል፣ ይህም ሰልፋይዱን ጥሎ ይሄዳል። በርሜሉን የሚጎዳው እሱ ነው። ጉዳቱ በአንድ ዓመት አይታይም፤ በመቶ ዓመትም ላይታይ ይችላል። የዘመኑ ርዝመት ግን 100 ሺህ ዓመት መሆኑን አንርሳ። ትንሹ ነገር ሲጠራቀም ምን ያህል ይሆናል? ሊቃውንቱ የሚጨቃጨቁት በዚህ ላይ ነው።

የኦልኪሉኦቶ ውሃ በራሱ ታሪክ አለው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ቦታው ከባሕር በታች ነበር። የዚያ ባሕር ጨዋማ ውሃ ወደ ዓለቱ ሰርጎ ቀርቷል። ስለዚህ እስከ 300 ሜትር ገደማ ያለው ውሃ ሰልፌት በብዛት አለው። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ሰልፌቱ ጥቂት ሆኖ ሚቴን ይበዛዋል። አንዱ ፎቅ መተንፈሻ አለው፤ ሌላው ፎቅ ምግብ አለው። ሁለቱ ተለያይተው ሲቆዩ ባክቴሪያዎቹ በረሃብ ላይ ናቸው፤ ብዙም አይራቡም። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ግን ድግስ ነው፤ ሰልፋይዱም በዚያ ይበዛል። ሰው ዋሻ ሲቆፍር ውሃውን ከቦታው ይስበዋል። የላይኛው ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ይሄዳል። ቆፋሪው ሳያስበው ድግሱን ራሱ ሊደግስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ፊንላንዶች ውሃ የሚያንጠባጥበውን ስንጥቅ በሲሚንቶና በመሳሰለው እየደፈኑ ነው የሚቆፍሩት።

ሌላም አለ። ሠራተኛው ወደ ዋሻው ሲገባ ብቻውን አይገባም። የመኪና ዘይት፣ የፈንጂ ትራፊ፣ የእንጨት ስባሪ፣ አቧራ ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ለባክቴሪያ ስንቅ ነው። በኦንካሎ ከውጭ የሚገባው ባዕድ ነገር በመዝገብ የሚያዘውና በመጠን የሚገደበው ስለዚህ ነው። አንድ ጣሳ ዘይት ከመሬት በላይ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ እዚያ ግን ለተራበ መንደር እህል እንደ መጫን ነው።

ሸክላው እንዴት ይከላከላል?

እነዚህን ነዋሪዎች ማጥፋት አይቻልም። ዓለቱ ቤታቸው ነው። የተመረጠው ዘዴ በርሜሉ አጠገብ መኖሪያ መከልከል ነው። ለዚህ ነው ቤንቶናይት የሚጠቀጠቀው።

በደንብ የተጠቀጠቀው አፈር ውሃ ከጠጣ በኋላ አንድ ሊትር ከሚይዝ ጣሳ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ከባክቴሪያው አካል መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ያንሳል። በሬ በአይጥ ቀዳዳ ይግባ እንደ ማለት ነው። ጭምቀቱም ቀላል አይደለም። በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ከ20 ኩንታል ያላነሰ ክብደት እንደ ማረፍ ነው። ባክቴሪያው እዚያ መካከል ቢገኝ እንኳ ለመንቀሳቀስም ሆነ ተከፍሎ ለመራባት ቦታ የለውም። ውሃውም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ እንደ ልብ አይጠጣም። በላቦራቶሪ ደጋግመው ሞክረውታል፤ አፈሩ በደንብ ሲጠቀጠቅ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይቆማል፤ ላላ ሲል እንደገና ይነሣል።

ሥራው ይቆማል እንጂ ሁሉም ሞቱ ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ባክቴሪያ ኑሮ ሲከፋበት ራሱን በጠንካራ ልባስ ጠቅልሎ እንደ ደረቅ ዘር ይተኛል። ሙቀቱንም ድርቁንም ይችላል። ዘር ዝናብ እንደሚጠብቅ እሱም ይጠብቃል። ቤንቶናይቱ ራሱ ከመሬት ተቆፍሮ የመጣ አፈር ስለሆነ እንዲህ ያሉ እንቅልፋሞችን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሸክላው በአንድ በኩል ከላላ፣ ክፍተት ከተፈጠረ፣ ወይም ውሃ ካጠበው፣ እንቅልፋሙ ይነቃል።

ማን ያጥበዋል? ይህ የሰሜን አገር ችግር ነው። በዚያ አካባቢ በየብዙ አሥር ሺህ ዓመቱ ምድሩ በወፍራም በረዶ ይሸፈናል። በመጨረሻም በረዶው ሲቀልጥ ጨው የሌለበት ብዙ ውሃ ወደ ዓለቱ ይሰርጋል። ጨው የሌለው ውሃ ቤንቶናይትን እያሟሟ ሊወስደው ይችላል። ሸክላው ከሳሳ ሰልፋይዱ ወደ መዳቡ መንገድ ያገኛል። ሊቃውንቱ ገና ያልመጣውን በረዶ ጭምር ሲያሰሉ መኖራቸው ለኛ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የ100 ሺህ ዓመት ሥራ የያዘ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም።

በስዊድን የተነሣው ክርክር

ስዊድኖች ዝቃጫቸውን ፎርስማርክ በተባለ ቦታ 500 ሜትር ጥልቀት ላይ ለመቅበር አቀዱ። መጠኑ ወደ 12 ሺህ ቶን ነው፤ ወደ 6 ሺህ በርሜል ይሆናል። ዘዴው ከፊንላንድ ጋር አንድ ነው። እንዲያውም ዘዴውን አስቀድመው ያወጡት ስዊድኖች ናቸው። ሆኖም አንዳንድ የስዊድን ሊቃውንት መዳቡ የተባለውን ያህል አይቆይም ብለው ተነሡ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። በጥር 2018 የመሬትና የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ በርሜሉ መበላት የቀረበው ማስረጃ አይበቃም፤ ተጨማሪ ይቅረብ አለ። የጨረር ጥበቃው መሥሪያ ቤት ግን ፈቃድ ይሰጥ ሲል ነበር። ኩባንያው ተጨማሪ ጥናት አቀረበ። መንግሥቱ በጥር 2022 ፈቀደ። ቁፋሮውም በጥር 2025 ተጀመረ።

በበኩሌ ፍርድ ቤቱ መጠየቁ ትክክል ይመስለኛል። ሰው ለራሱ ዘመን ሲሠራ ቢሳሳት ራሱ ያርማል። እዚህ ግን ስሕተቱ የሚደርሰው ገና ስም ላልወጣለት ሕዝብ ነው።

ክርክሩን በምድር ላይ ባለ ማስረጃ ለመመዘን ሞክረዋል። በ1676 ክሮናን የምትባል የስዊድን የጦር መርከብ በባልቲክ ባሕር ሰጠመች። ስብርባሪዋ የተገኘው በ1980 ነው። ከውስጧ የወጣ አንድ የነሐስ መድፍ ነበረ፤ አብዛኛው መዳብ ነው። ከፊሉ በባሕሩ ወለል ሸክላ ጭቃ ተቀብሮ ነበር። ሊቃውንቱ መድፉን መረመሩት። በ300 ዓመት ውስጥ የተበላው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። ይህ ደህና ዜና ነው። ቢሆንም 300 ዓመት ከ100 ሺህ ዓመት አጠገብ ሲቆም ከአንድ ጋን ጠላ አንድ ዋንጫ ቀምሶ እንደ መፍረድ ነው።

የሚረዱም አሉ

ረቂቅ ተሕዋስያን ሁሉ ጠላት ናቸው ማለት ግን ስሕተት ነው። እርሾው እንጀራ ያበላናል፤ የእሱ ዘመድ ደግሞ ወጡን ያበላሻል። እዚህም እንደዚሁ ነው።

ስዊዘርላንድ ዝቃጯን የምትቀብረው በዓለት ሳይሆን ወደ ድንጋይነት በተለወጠ የሸክላ ንጣፍ ውስጥ ነው። ንጣፉ 175 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በበርሜሎቹ ላይ ያለው ብረት አየር በሌለበት ውሃ ቀስ ብሎ ሲዝግ ሃይድሮጂን ይወጣል። ሃይድሮጂኑ መውጫ አጥቶ ከተጠራቀመ ሸክላውን ይገፋዋል፤ ይሰነጥቀዋል ተብሎ ይፈራል። ሞን ቴሪ በተባለው ተራራ ውስጥ፣ ከ1996 ጀምሮ በሚሠራ የምርመራ ዋሻ፣ ሊቃውንቱ ሃይድሮጂን በጉድጓድ ውስጥ ጨመሩ። በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂኑን ይበሉት ጀመር። አንደኛው ወገን ሃይድሮጂኑን በልቶ ያድጋል፤ ሲሞት ሬሳውን ሌላው ወገን ይበላል፤ የዚያን ትራፊ ደግሞ ሦስተኛው። በ2016 ይህን ጥናት አወጡ። እንዲህ ከሆነ ለእነሱ ሆን ብሎ በቂ ቦታ ያለው አፈር በዋሻው ውስጥ ቢተዉላቸው አየሩን ያቀልሉልናል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከበርሜሉ አጠገብ ግን ሳይሆን ራቅ ብሎ ነው። በአንድ በኩል መከልከል፣ በሌላ በኩል ጓሮ መስጠት እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው እርዳታ ከዚህ ይልቃል። ዩራኒየም በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በውሃ ይሟሟል፤ ከውሃ ጋር ይጓዛል። ሁለተኛው አይሟሟም፤ ደለል ሆኖ ይቀመጣል። በ1991 ዴሬክ ላቭሊ የሚባል አሜሪካዊና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳዩ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በውሃ የሚጓዘውን ዩራኒየም ወደ ደለል ይለውጡታል። እንግዲህ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ በርሜሉ ቢቀደድ እንኳ፣ እነዚህ ነፍሳት ዩራኒየሙን መንገድ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ማዕድን የሚይዝ ነገር ከአካላቸው አመንጭተው፣ የቆመውን ከውሃ ጋር እንዲጓዝ ያደርጉታል። የትኛው ወገን በየትኛው ዓለት እንደሚበዛ ሳይታወቅ መፍረድ አይቻልም። አንዱን ቦታ አጥንቶ ለሌላው መገልበጥ የማይበጀው ለዚህ ነው።

ከነዳጁ ሌላ ቀለል ያለ ዝቃጭም አለ። ጨረር የነካው የሠራተኛ ልብስ፣ ጓንት፣ ወረቀት፣ መጥረጊያ ጨርቅ ነው። እንዲህ ያለው ለባክቴሪያ ቀጥተኛ ምግብ ነው። ሲበሰብስ አየር ያወጣል። ፊንላንዶች ከ1997 ጀምሮ ይህን ዓይነት ዝቃጭ በትልቅ ጋን ውስጥ ዘግተው የሚወጣውን አየር ሲለኩ ኖረዋል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በሚባል ክፍለ አገር ደግሞ በ1999 የተከፈተ፣ 655 ሜትር ጥልቀት ባለው የጨው ንጣፍ ውስጥ የተሠራ መቅበሪያ አለ። እዚያ ከዝቃጩ ጋር ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በከረጢት አብረው ያስቀምጣሉ። ባክቴሪያዎቹ ወረቀቱንና ጨርቁን በልተው የሚያወጡትን የተቃጠለ አየር ዱቄቱ እንዲመጠው ነው።

እስካሁን የተደረሰበት

በኤስፖ ዋሻ ውስጥ ስዊድኖች በ1999 የመዳብ ቁራጮችን በቤንቶናይት ውስጥ ቀብረው ነበር። ቤንቶናይቱን በሙቀት እያሞቁ 20 ዓመት ካቆዩት በኋላ በ2019 አወጡት። መዳቡ በጥቂቱ ተበልቷል። ኩባንያው፣ የበላው በቀብሩ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ የቀረው አየር ነው፤ እሱም አልቋል አለ። ተቃዋሚዎቹ፣ በአንዳንድ ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል፤ ይህ ከአየሩ ብቻ አይመጣም አሉ። ሁለቱም ያዩት ያንኑ መዳብ ነው።

በፊንላንድ ኦንካሎ ለመሥራት የሚያስችለው የግንባታ ፈቃድ የተሰጠው በ2015 ነው። ኩባንያው የሥራ ፈቃድ የጠየቀው በ2021 መጨረሻ ነው። በ2024 ዝቃጭ ሳይገባበት የሙከራ ሥራ ጀመሩ፤ በርሜሉን ማውረዱን፣ በሸክላው መካከል ማቆሙን፣ ዋሻውን መዝጋቱን ተለማመዱ። በመጨረሻ እዚያ የሚገባው ወደ 6 ሺህ 500 ቶን ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ ዋሻዎቹ በሸክላ ይሞላሉ፤ አፉም ይደፈናል፤ ከላይ ደን ይበቅልበታል። እስከዚያ ድረስ ግን ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣው ውሃ በጠርሙስ እየተቀዳ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በውስጡ ያሉት ነፍሳት ይቆጠራሉ፤ ሰልፋይዱም ይለካል።